የፈተናው ለቅሶ

ሶረቲ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ጨርሳ ወፍጮ ቤት ያስፈጨችውን በርበሬ ልታመጣ ነው። ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ካስቀመጠችው ስልክ አልተነቀለም። ኤሲሲኤ የሚባለው የሂሳብ ባለሙያዎች ፈተና የመጨረሻ ውጤት ዛሬ ይመጣል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ውላ ወደ አዳማ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር አጥንታለች።

አምና የወደቀች ጊዜ የግቢው ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ ሁሉ ዳቦና ሻይ ይዞ መጥቶ፣ «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ተቀምጦላት ነበር። ከመውደቁ ይልቅ የጎዳት ማጽናናቱ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ዳግመኛ መፈተኗን ለማንም አልነገረችም።

ስልኩ ድምፅ አሰማ። አጠገቧ ምስር የሚለቅሙት አከራይዋ እትዬ መሰለች አንስተው ፊት ለፊቷ ያዙላት። ሶረቲ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«አለፍኩ፣ እትዬ።»

«ተመስገን። እኔማ መፈተንሽን አውቄ ነበር።»

«በምን አወቁ?»

«ሻይሽን እየረሳሽ ስታቀዘቅዢው ነዋ። ካልነገርሽኝ ብዬ ዝም አልኩ። ለማንኛውም ግን ዳቦ ደፍቻለሁ።»

«ለለቅሶው?»

«ዳቦ ምን ያውቃል፣ ልጄ? ለደስታም ይቆረሳል።»

ሶረቲ እስኪያማት ሳቀች፤ ስንት ወር ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር አብሮ ወጣላት። ጎረቤቱም በኦሮምኛ «በጋ ገመዴ»፣ በአማርኛ «እንኳን ደስ አለሽ» እያለ እየተጠራራ ገባ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጨዋታው ደራ። በርበሬው ወፍጮ ቤት አደረ።