በአንድ መቃን በር አይቆምም

እማማ ዘነበች አረፉ አሉኝ። እንዴት ሆኖ? ትናንት ጠዋት እኮ ልጃቸውን በአጥር በኩል ጠይቄያት፣ «ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፣ አጥሚት ጠጥተው ፀሐይ እየሞቁ ነው። ሞርሲቶ ያለችው የልጅ ልጃቸውም በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ነው» ብላኛለች። ዛሬ ስወጣ ደጃቸው ላይ ድንኳን ሲተከል አየሁ። በእጄ የያዝኩትን ጎመን የት እንደጣልኩት እንኳን አላውቅም።

የሆሳዕና ሰው ያውቃቸዋል። ለማታውቋቸው፣ በቀይ አፈር፣ በነጭ አፈርና በከሰል የቤት ግድግዳ የሚያስጌጡ ሴት ነበሩ። የሠርግ ቤት በሉት፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ በዓል የሚታደስ ቤት በሉት፣ የእሳቸው እጅ ነው።

ብቻቸውን ግን አልነበሩም። አብረዋቸው የሚስሉት፣ ቀደም ብለው ያረፉት ጓደኛቸው እማማ አስካለ ነበሩ። አንዷ ከበሩ ግራ፣ አንዷ ከቀኝ ይጀምሩና እየሳሉ መጥተው ከበሩ በላይ ይገናኛሉ። እኔ ስዳር የአማቴን ቤት ሲያስጌጡ ጭቅጭቃቸው ሰፈሩን ያስቅ ነበር።

«አስካለ፣ ያንቺ መስመር ወደ ታች ወርዷል!»

«የወረደው ዓይንሽ ነው! ይልቅ ቶሎ ነይ!»

ሲገናኙ ግን መጋጠሚያውን ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ባልና ሚስት በተጣሉ፣ ጎረቤት በተኳረፈ ቁጥር እማማ ዘነበች «በአንድ መቃን በር አይቆምም» ይሉ ነበር።

አምና ለባህልና ለቅርስ የደከሙ አዛውንት ሴቶችን የሚሸልም አገር አቀፍ ሽልማት አለ ተባለ። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ የለ!

«የአስካለንም ስም ጻፊ» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልኩ። አልጻፍኩም። የስም ቦታው አንድ መስመር ነው። የሞተ ሰው ስም ካዩ ፎርሙን ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ።

«ጻፍሽ?»

«ጽፌያለሁ።»

አዲስ አበባ መድረክ ላይ ስማቸው ተጠራ። ዋንጫውን ከተቀበሉ በኋላ አልወርድ አሉ፣ ቆመው ይጠብቃሉ። መድረክ መሪዋ አማርኛ ያልገባቸው መስሏት ደረጃውን በእጇ ታሳያቸዋለች። ምን እንደሚጠብቁ እኔ ነኝ የማውቀው። ወርደው በቋንቋችን በሀዲይሳ «አስካለን ዘለሏት» አሉኝ።

«ረስተው ነው እማማ። እደውልላቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ደወልሽ?» ነው። «አያነሱም» እላለሁ። አንድ ቀን እንኳን አልደወልኩም። ባለፈው ቅዳሜ እጄን ይዘው፣ «በቃ ተያቸው ልጄ፣ ሰው ናቸው፣ ይረሳሉ። አንቺ ግን ለእኛ ለፋሽ፣ ተባረኪ» አሉኝ።

ተባረኪ! እኔን!

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ የእማማ አስካለ ልጅ ከቦኖሻ መጣች። ዋንጫው ለካ እሷ ቤት ነው፤ እማማ ዘነበች «የእናትሽ ድርሻ ነው» ብለው ሰጥተዋታል። አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «የእናቴን ስም እንዲያስገቡ ስንቴ እንደደወልሽ ነግረውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። እዚህ ገጼ ላይ እንደምታነበው ስለማውቅ ጻፍኩት።

እማማዬ፣ አልደወልኩም። የረሳ ሰውም የለም። እዚያ ከእማማ አስካለ ጋር ስትገናኙ «ረሱሽ» እንዳይሏቸው። «የዘለለችሽ ጎረቤቴ ናት» ይበሏቸው።

ሰኞ የሽልማቱ ቢሮ ሲከፈት እደውላለሁ። ካላነሱም ደግሜ እደውላለሁ። «ደወልሽ?» የሚለኝ ግን የለም።

ደህና ይሁኑ እማማ።