ሁለተኛው አልበም የተቀዳበት ቤት

ስርጉት ቢቸና ውስጥ ፎቶ ቤት ትሠራለች። ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ከሥራ ስትወጣ ግን «ጠል» የሚባል ትንሽ ባንድ ዘፋኝ ናት። ጊታሩን የሞጣዋ ጀዋሂር ትጫወታለች፣ ከበሮውን ይታያል የሚባል ጓደኛቸው ይመታል። የመጀመሪያ አልበማቸውን ማንም አልጠበቀውም ነበር። ሁለተኛውን ግን ሰዉ «መቼ ነው?» እያለ አስጨነቃቸው።

አዲስ አበባ ወርደው ስቱዲዮ ከመለመን እዚያው ቢቸና፣ በረንዳው ላይ ሁለት በር ያለው፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የጭቃ ቤት ተከራዩ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የመንገዱን ጫጫታ አያስገባም። ዜማው ለስርጉት የመጣላት ድምፅ እንዳያስተጋባ ብላ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስትቸነክር ነው። «ሰኪ፣ ሰኪ» ብላ አዜመችና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው።

«ሰኪ ምንድን ነው?» አላት ይታያል።

«እኔ እንጃ። ግጥም እስኪገኝለት ብዬ ነው።»

ግጥሙ ግን እምቢ አለ። የጻፉለት ሁሉ አልገጥም አለው። ይታያልም መነጫነጭ ጀመረ። «ሁልጊዜ ዘግይተሽ ነው የምትገቢው። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የምትጠብቂ ትመስያለሽ።»

ስርጉት እውነትም ትጠብቅ ነበር፤ ማንን እንደሆነ ግን አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ጀዋሂር ቤተሰብ ልትጠይቅ ሞጣ ስትሄድ ስርጉትም አብራት ሄደች። የጀዋሂር አክስት ወይዘሮ ጁማና የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጀዋሂር እስካሁን የቀዱትን ዜማ ከስልኳ ከፈተችላቸው። ጨርቅ እየቆረጡ ነበር፤ መቀሱ መሀል ላይ ቆመ።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?»

«ማንም፣ አክስቴ። ስርጉት ናት የሠራችው።»

ወይዘሮ ጁማና ስርጉትን አተኩረው አዩዋት። «አይደለም ልጄ። አንቺ አልሠራሽውም።»

ጀዋሂር አክስቷ ወልደው እንደማያውቁ ነበር የምታምነው። ለካ ወልደው ነበር። «ሰኪና ነበር ስሟ» አሉ ቀስ ብለው። «ባለቤቴ ቢቸና ሲነግድ እዚያ ነበርን። አፏን እንደፈታች ኩፍኝ ወሰደብኝ። ሳስተኛት እኔ አንድ ስንኝ እላለሁ፣ እሷ ‹ሰኪ፣ ሰኪ› ብላ ትመልስልኛለች። ይሄ የእሷ ነው። የእኔ ከፊቱ ነው።»

ከዚያ የራሳቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ አዜሙት። ስርጉት ዝም የምትልበት ቦታ ላይ ልክ ገባ።

«እትዬ፣ ቢቸና የት ነበር የተከራያችሁት?» አለች ስርጉት። መልሱን ፈርታዋለች።

«ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ። በረንዳው ላይ ሁለት በር ያለው ቤት።»

ጀዋሂር ስርጉትን አየቻት። ወይዘሮ ጁማና መተያየታቸውን አይተው ነገሩ ገባቸው። ሱቁን ዘጉና «ውሰዱኝ» አሉ።

ደብረ ወርቅን አልፈው ቢቸና ገቡ፤ ይታያል ቤቱ ውስጥ ነበር። ቤቱ ሲደርሱ ወይዘሮ ጁማና አንዱን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርገው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ይቀዳ ሲባሉ እሺ አሉ። ጀዋሂር ጊታሩን ጀመረች፤ እሳቸውም የመጀመሪያውን ስንኝ አዜሙ። ስርጉት ልትመልስ ወደ ማይኩ ስትጠጋ እጃቸውን ዘረጉና አስቆሟት።

«ተይ ልጄ። ቦታዋን ልቀቂላት።»

ስርጉት ወደ ኋላ ሸሸች። የጀዋሂር ጣቶች ማንም ሳያዛቸው ክሩ ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ጁማና ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ፣ ፈገግ አሉ፣ ቀጣዩን ስንኝ አነሱ።

የተቀዳውን መልሰው ሲሰሙት በዝምታው ውስጥ ምንም የለም። ይታያል ግን ላቡን እየጠረገ «እዚህ ዘፈን ላይ ከበሮ አልመታም» አለ። ማንም አልተከራከረውም። ዝምታውን ሳይነኩ አልበሙ ውስጥ አስገቡት።

አልበሙ ሲወጣ ተወደደ። ስለዚያ ዘፈን «ይቆራረጣል፣ ፋይሉ ተበላሽቷል?» ብለው የጻፉ ብዙ ነበሩ። ስርጉት ለአንዳቸውም አልመለሰችም፤ መድረክ ላይም ዘፍናው አታውቅም።

ባንዱ ቤቱን አልለቀቀም። ወይዘሮ ጁማና አልፎ አልፎ ከሞጣ ይመጣሉ። ስርጉት ቁልፉን ሰጥታቸው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከፎቶ ቤቱ በጊዜ ወጣች። በረንዳው ላይ ወጥታ በሩ ጋ ስትደርስ ድምፃቸውን ሰማች።

«በረደሽ?» አሉ። ዝም አሉ። «እሺ፣ እሺ፣ አልሄድም» ብለው ሳቁ።

ስርጉት የበሩን እጀታ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ እንዳይንቋቋ ተጠንቅቃ ለቀቀችውና ሰው ወደሚበዛበት ወደ ገበያው ሄደች።