ማን ከማን ጋር ይነካካል

ከባሕር ዳር የወጣሁት ማታ ነው፤ መግሪብ ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ። በጣና በኩል ሰማዩ ገና ቀልቶ ነበር፤ እኔ ግን ሰማይ የማይበት ልብ አልነበረኝም። እናቴ የተዘጋውን ሻንጣ እንደገና ከፍታ የደረቀ አምባዛ ልትጨምርበት ስትል ከአባቴ ጋር ክርክር ገጥማለች። አባቴ በር ላይ ቆመው፣ «ልጅቱ ፕሮቲን ልትማር ነው እንጂ ልትሸጥ ነው እንዴ የምትሄደው?» አሏት። እናቴ አልሳቀችም። ዓሣውን አወጣችና በቦታው ሌላ ከረጢት በርበሬ ከተተች። ታናሽ እህቴ ፈቲያ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ እስኪዘጋ ድረስ ተጫነችው። እንዲህ ሆኜ ነው አገሬን የለቀቅሁት፤ እየሳቅሁ።

አባቴ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣሉ። ትውልዳችን ወረታ ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ባሕር ዳር ኮሌጅ ባዮሎጂ ሳስተምር ቆይቼ ጀርመን የዶክትሬት ዕድል አገኘሁ። ምን እንደምማር አባቴ የጠየቁኝ ዕለት የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን ተቀበልኋቸው። «ፕሮቲን ማለት እንዲህ ያለ ሰንሰለት ነው። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ ይጠቀለላል» አልሁና ሰብሰብ አድርጌ መዳፋቸው ላይ አኖርሁት። በሰንሰለቱ ላይ ተራርቀው የነበሩ ዶቃዎች አሁን ጎን ለጎን ሆኑ። እኔ የማጠናው ማን ከማን ጋር እንደሚነካካ ነው፤ ቅርጹን የሚይዘው ያ ንክኪ ነውና። አባቴ አሰብ አደረጉና፣ «ንክኪማ በኮሮና ጊዜ ጤና ጣቢያውም ሲያጠና ነበር። ለዚህ ጀርመን ድረስ?» አሉ።

የጀርመኑ ሹም ደግሞ ከአባቴ ባሰ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ገብቼ ተቀመጥሁ። እዚያ አገር ልጅም ብትሆኑ ቢሮ ውስጥ አንቱ ነው የምትባሉት፤ ወንበሩ ላይ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቴን አነበበና፣ «ኮንታክት ይመረምራሉ ይላል። ከማን ጋር ነው ኮንታክት ያለዎት?» አለኝ።

«ከማንም ጋር የለኝም፤ ገና መምጣቴ ነው» አልሁት። «የአሚኖ አሲዶች ኮንታክት ነው።»

«አሚኖ አሲዶቹ የሚኖሩት ጀርመን ውስጥ ነው?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው።»

ይህ መልስ በሕጉ ውስጥ ቦታ ያለው አልመሰለኝም፤ ሰውዬው ግን ማኅተሙን አሳረፈው።

ቤት ያከራዩኝ ፍራው፣ በእኛ ወይዘሮ፣ ሎረንዝ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። እሳቸው ታች፣ እኔ ጣሪያው ሥር። አንድ እሑድ ሽንኩርት በበርበሬ እያቁላላሁ በሩ ተንኳኳ። የሚቃጠል ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። ምሳ ነው አልኋቸው። «ምሳው እየተቃጠለ ነው?» አሉ። አይደለም፣ እንዲህ ነው የሚሠራው ብዬ ባስረዳም አላመኑኝም። ገብተው መስኮቱን ሁሉ ከፋፈቱት። እነሱ ይህንን «ሉፍተን» ይሉታል፤ ቤት ማናፈስ ማለት ነው፤ በረዶ ቢዘንብም አይቀርም። እናንተ ሆይ፣ የዚያ አገር ፀሐይ ወጥታም ትበርዳለች። ሳሎን ውስጥ ጋቢ ለብሼ፣ በተከፈተ መስኮት ሥር፣ የቀዘቀዘ ሽሮ በላሁ። ፍራው ሎረንዝ ግን ከመሄዳቸው በፊት በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ። አስነጠሳቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የሚቃጠል ነገር መኖሩን ለማጣራት ሳህን ይዘው ይመጣሉ።

ዓሣውንስ ምን ልበላችሁ። እኛ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ሎሚና ዳጣ ቀርቦልን ነው የምንበላው። እዚያ ዓሣ እንደ ሳሙና አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ዓይንም አጥንትም ሳይኖረው በካርቶን ይመጣል። ለእናቴ ስነግራት፣ «አምባዛውን ብትይዢ ኖሮ» አለች። አባቴ ከጀርባዋ ሲስቁ ይሰማኛል።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ፕሮፌሰሬ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ደግ ሰው ናቸው። የምናጠናው በፍል ውኃ ውስጥ የሚኖር የአንድ ባክቴሪያ ኢንዛይም ነው። ሌላው ፕሮቲን በሙቀት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይረጋል፤ ይሄኛው ንቅንቅ አይልም። ፕሮፌሰሩ ምክንያቱ አንድ ንክኪ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከኢንዛይሙ ጎን የሚወጣ አንድ ክንድ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ቻርጁ ፖዘቲቭ ነው፤ ከገላው ላይ ደግሞ ኔጌቲቭ የሆነ አለ። ሁለቱ ተያይዘው ሁሉንም ያቅፉታል ይላሉ። ይህንን ለዓመታት አስተምረዋል። የእኔ ሥራ በኮምፒውተር የሚቀራረቡትን አሚኖ አሲዶች ሁሉ ለቅሞ አውጥቶ ይህ ንክኪ ከሌሎቹ ምን ያህል እንደሚበልጥ ማሳየት ነበር።

ለቀምኋቸው። ንክኪው አለ። ግን ክንዱ የኢንዛይሙ የራሱ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮቲንን በኤክስሬይ ለማየት እልፍ አእላፍ የሆኑትን አንድ ላይ አጭቀው ክሪስታል ያደርጓቸዋል። ባጃጅ ውስጥ አራት ሆናችሁ ስትሳፈሩ ትከሻችሁን የነካው ሰው ዘመዳችሁ አይደለም፤ ቦታ ጠቦት ነው። ያም ክንድ ከጎኑ ከተጫነው ጎረቤት ፕሮቲን ተሻግሮ የመጣ ነበር። ሥዕሉ እዚያ ላይ ደብዘዝ ስለሚል ስንት ዓመት ሙሉ የራሱ ሲመስል ኖሯል።

አሁን ይህንን ለእሳቸው ማን ይንገር? እኔ ለአባቴ «ተሳስተዋል» ብዬ የማላውቅ ልጅ ነኝ። ቢሯቸው ገባሁና፣ «ምናልባት እኔ በደንብ አላየሁት ይሆናል፤ ግን ክንዱን በሌላ በኩልም ማየት ሳይሻል አይቀርም» አልሁ። በጣም ጥሩ፣ ቀጥዪ አሉኝ። በሌላ ቀን፣ «ያቺን ንክኪ ሳስባት አንዳንድ ጊዜ ትከብደኛለች» አልሁ። እረፍት እንድወስድ መከሩኝ። ባሕር ዳር ቢሆን ይህን ያህል የተባለ ሰው ደንግጦ ይነሳ ነበር። እዚህ ቃል የሚሰማው እንደወጣ ብቻ ነው። በዚህ መሐል የዓመቱ ግምገማ ቀረበ። አጥጋቢ ካልሆነ ሻንጣዬን ይዤ መመለሴ ነው፤ ካልተናገርሁ ደግሞ እውነት ያልሆነ ነገር በሰው ፊት ቆሜ ላቀርብ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ለአባቴ ደወልሁና ትልቅ ሰው ሲሳሳት እንዴት እንደሚነገረው ጠየቅኋቸው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስለነበረ ቶሎ አልመለሱልኝም። ቆይተው፣ «ትልቅ ሰው ቀዳዳ ያለበት ጨርቅ ይዞ ሊሄድ ሲል ዝም ማለት አክብሮት አይደለም፣ ዘሃራ ልጄ። 'ተሳስተዋል' አይባልም። 'እስቲ ብርሃን ላይ ይዩት' ይባላል። አንቺ ብርሃኑን አብሪለት» አሉኝ።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩን እኔ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ለመንኋቸው። ኢንዛይሙን አረንጓዴ፣ ጎረቤቱን ቀይ ቀብቼዋለሁ። «እባክዎ እርስዎ ራስዎ ያዙሩት» አልሁና ማውሱን ሰጠኋቸው። አዞሩት። ክንዱን ከጫፉ ጀምረው ተከተሉት፤ ቀይ ነው። መልሰው አዞሩት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ።

«ይሄ ክንድ የጎረቤቱ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሰንበትበት ብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። በእኛ አገር አነጋገር ነው እንጂ።»

ፕሮፌሰሩ ዞረው አዩኝ። «ትከብደኛለች ያልሽው?» አሉና ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ክንዱን አንድ ጊዜ እንደገና አዞሩት። ብዙ ዓመት የወደዱት ነገር ነዋ። ከዚያ ተነሥተው ቤተ ሙከራው ያንን የክንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ ለውጦ ኢንዛይሙን እንዲሠራ አዘዙ። ክንዱ ከሆነ የያዘው፣ ሲሞቅ ይፈርሳል። አሞቁት፤ ኢንዛይሙ እንደ ወትሮው ሥራውን ሠራ።

ታዲያ ማን ነው የያዘው? ያንን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባሁ። ውኃ የማይወዱ ትንንሽ አሚኖ አሲዶች መሐል ላይ ተጠጋግተው አገኘኋቸው። የእያንዳንዱ ንክኪ ደካማ ነው፤ ሲቆጥሩት ግን አያልቅም። በግምገማው ላይ ይህንኑ አቀረብሁ። መጀመሪያ እጃቸውን አውጥተው የተናገሩት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ ለዓመታት የተሳሳቱት እሳቸው መሆናቸውን ለሰው ሁሉ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። አለፍሁ። ፍራው ሎረንዝ ኬክ ጋገሩልኝ፤ በርበሬ ነስንሰውበት ነበር፤ ደስ ይለኝ መስሏቸው። በላሁት።

ያለፍሁት ግን ለመቆየት ነው። የፈቲያ ሰርግ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ባለበት ጊዜ ዋለ። ያንኑ ባለመነጽር ሹም ልሄድ እችል እንደሆነ ጠየቅሁት። «መውጣት ይችላሉ» አለኝ በትሕትና። «መግባት ነው የማይችሉት።»

የሰርጉ ዕለት ከወረታ በቪዲዮ ደወሉልኝ። ፈቲያ በሒና የተዋበ እጇን ወደ ካሜራው ዘረጋች። አባቴ አዲስ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ኢንሻ አላህ ለሚቀጥለው ትመጫለሽ አሉኝ፤ የሚቀጥለው የማን እንደሆነ አልነገሩኝም። እናቴ መብላቴን ጠየቀች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየና አንዱ የሆነ ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ የድንኳኑ ጣሪያ ብቻ ሆነ። ድቤው ይመታል። ሴቶቹ የፎገራውን ሩዝ ውኃ በዝቶበታል አልበዛበትም እያሉ ይከራከራሉ። መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁትም።

«ይሄ ስልክ ክፍት ነው፤ የማን ነው?» አለች አንዲት ሴት፤ ድምጿን አላወቅሁትም።

«ተይው» አለች እናቴ። «ዘሃራ ናት። ትስማ።»