በሳንያ ፀሐይ የተሰጣ ጎመን

የቀን መቁጠሪያው «ዛሬ አመዳይ ይወርዳል» ይላል። ቶንግ ደሃይ ደግሞ በስልሳ ሰባት ዓመቱ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ተነስቶ ረዥሙን የሱፍ የውስጥ ሱሪ ለበሰና በረንዳው ላይ ቆመ። ከታች ሰዉ በቁምጣ ወደ ባሕሩ ይጎርፋል። ሙቀቱ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ነበር።

«ኧረ አውልቀው!» አለችው ሚስቱ ልዋን ጉዪጂ ከውስጥ። «ላብህ ጫማህ ውስጥ ገባ እኮ።»

«አመዳይ የሚወርድበት ቀን ነው።»

«የት ነው የሚወርደው? አናትህ ላይ?»

 በሰሜን ባለችው በበረዷማው አገሩ በፉሹን ቢሆን ኖሮ ይህን ሱሪ ዛሬ የማይለብስ ሰው እንደ እብድ ነው የሚታየው። እዚህ በደቡብ ደሴት ላይ ባለችው ሳንያ ደግሞ የለበሰው እብድ ሆኖ አረፈው። ምን ዓይነት አገር ነው!

በፉሹን አርባ ዓመት ሙሉ የከተማው ማሞቂያ ጣቢያ ውስጥ ድንጋይ ከሰል ሲያነድ ነው የኖረው። ሦስት ሺህ ቤት በእሱ እጅ ይሞቅ ነበር። «እኔ ካልነቃሁ ከተማው ይበርዳል» ማለት ይወዳል፤ እውነቱንም ነው። የገዛ ሚስቱ ደረት ብቻ በእሱ እሳት አልሞቅ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በረዶው ከጣለ ጀምሮ እስኪቀልጥ፣ አንድ ነገር ተናግራ ሳትስል ጨርሳ አታውቅም። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ስትወጣ እንድታርፍበት ቶንግ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ወንበር አስቀምጦላት ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው። «ወደ ሙቀት አገር ውሰዳት። ሌላ የበረዶ ወራት የምትችል አይመስለኝም።»

ቶንግ ሐኪሙን አላመነውም። ሚስቱን ስለሚፈራ ግን ሻንጣ አሰረ። ባቡር ጣቢያው ላይ ሻንጣው ሲፈተሽ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ተገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለው ፈታሹ።

«ድንጋይ።»

«ድንጋይነቱንማ አየሁት። ምን ያደርግልዎታል?»

«ጥቅል ጎመን ጋን ውስጥ ሲኮመጥጥ ከላይ ይጫናል።»

ፈታሹም የአገሩ ልጅ ነውና ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። እንዲያውም ድንጋዩን አገላብጦ አየና «ጥሩ ድንጋይ ነው» ብሎ አሳለፈው።

አሁን ሳንያ ከገቡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው፤ አንድ ነገር ግን ገና አልተቆረጠም። የፉሹኑ ቤት ማሞቂያ ዘንድሮ ይከፈት ወይስ ይዘጋ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አሳውቁ ተብለዋል። ከተዘጋ ውሃው ከቧንቧው ይፈስሳል፤ ቤቱ እስከ ጸደይ ድረስ በረዶ ቤት ይሆናል፤ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ልዋን «ይዘጋ» አለች። ቶንግ «ይቆይ» አለ።

«ደረትሽ ከዳነ ይዘጋል። ካልዳነ ግን ምን እንሠራለን እዚህ? መሳልሽ ካልቀረ አገርሽ ላይ ሳዪ።»

«መዳኔን ማን ይፈርዳል?»

«ጆሮዬ!» አለ ቶንግ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮውን ቀስሮ ይውላል። ሚስቱ እንድትታመም አይፈልግም፤ ይመኛል ብሎ ማንም እንዲጠረጥረውም አይወድም። ግን አንዳንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት አንዲት ሳል ስትሰማ ልቡ ውስጥ ትንሽ ደስታ ብልጭ ትላለች። ወዲያው በራሱ ያፍርና ሻይ ያፈላላታል። ምን ያድርግ፣ አገሩ ናፍቆታል። እዚህ ሙቀት ከሰማይ በነፃ ይወርዳል፤ አርባ ዓመት እሳት ላነደደ ሰው ከዚህ የበለጠ ስድብ የለም።

በዚያው ሳምንት ልዋን አደባባይ ላይ አብረዋት ከሚጨፍሩት ሴቶች ጋር ለአራት ቀን ፍል ውሃ ሄደች። በዚህ ሙቀት ላይ ፍል ውሃ! ቶንግ ብቻውን ቀረና በረንዳውን አየው። ባዶ ነው። አንዲት ጎመን የለችበትም። ፉሹን ላይ በዚህ ሳምንት መንገዱ ሁሉ ጎመን ነው፤ ለበረዶው ወራት ሁለት መቶ ኪሎ ጎመን ያላስገባ ቤት፣ ሰው የሞተበት ነው እየተባለ በጎረቤት ይታዘንለታል።  ድንጋዩን ከአልጋው ሥር አወጣና አጠበው፤ ከዚያ ወደ ገበያ ወረደ።

አትክልት ሻጯ ሞ ሊያን የምትባል የደሴቷ ተወላጅ ናት።

«ሁለት መቶ ኪሎ? አባባ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ እንዴ?»

«አልከፈትኩም።»

«ታዲያ ስንት ሆናችሁ ነው የምትበሉት?»

«ሁለት።»

ሞ ሊያን ሚዛኑን ለቀቀችው። «አባባ፣ እኛ ጎመን ነገም አለን። ከነገ ወዲያም አለን። ዓመቱን ሙሉ አለን።»

«እንደሱ ትያለሽ። በረዶ መንገዱን ሲዘጋው አይተሻል?»

«ኧረ በረዶ የሚባል ራሱን አይቼ አላውቅም!»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ መዝኚ።»

ጎመኑ በባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ተጭኖ መጣ። ቶንግ እዚህም አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታቸው ተሸክሞ አወጣው፤ ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ፤ ደስ አለው። ጋን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሦስት ቀን ተሰጥቶ ቅጠሉ መጠውለግ አለበትና በረንዳው ላይ በተርታ ደረደረው። አመሻሹ ላይ ደግሞ እጁ በልማዱ ሄዶ ከቁም ሳጥን ወፍራሙን የጥጥ ብርድ ልብስ አወጣ። አገሩ ላይ ጎመኑን ውርጭ እንዳይመታው ማታ ማታ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ሳንያ ላይ ውርጭ እንደሌለ ቶንግ ያውቃል፤ እጁ ግን አያውቅም። ጎመኑን አልብሶ፣ ዳር ዳሩን ወትፎ፣ ሳንያ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ተኛ።

በማግስቱ ሞቅ ያለ ዝናብ ዘነበ፤ ከዚያ ፀሐዩ ወጣ። ብርድ ልብሱ ራሰ፤ ከሥሩ እንፋሎት ይወጣ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ቡናማ ውሃ ወደ ታችኛው በረንዳ ይንጠባጠብ ነበር፤ እዚያ ደግሞ እንደ እነሱ ከሰሜን፣ ከቺቺሃር ከተማ የመጣችው ጎረቤታቸው እመት ቹ ልብሷን አስጥታለች።

«ታላቅ ወንድም ቶንግ!» ብላ ጮኸች ከታች። «ሰው ገድለህ ደብቀሃል እንዴ?»

«ጎመን ነው!»

«በሞተ በስንት ቀኑ?» አንጋጣ ስታይ የብርድ ልብሱን ጫፍ አየችው። «ውይ! ብርድ ልብስ ያለበስከው በርዶት ነው?»

ቶንግ የብርድ ልብሱን ጫፍ ወደ ውስጥ ሳበው።

«እህት ልዋን መቼ ነው የምትመጣው?»

«ነገ ማታ።»

«እንኳንም እኔ አንተን አልሆንኩ!» ብላ ልብሷን ሰብስባ ገባች።

ልዋን ግን ማታን አልጠበቀችም። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ቶንግ አፍንጫውን በፎጣ አስሮ የበሰበሰውን በከረጢት ሲያጭቅ፣ ከታች የሻንጣ ጎማ ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ «ይሄ ምን ሽታ ነው?» የሚል የታወቀ ድምፅ። ቶንግ ባለበት ደረቀ። የሚሮጥበት የለም።

እግሯ ደረጃውን ጀመረ። አንደኛ ፎቅ። ጆሮው ሳይወድ ቀድሞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሄዶ ጠበቃት፤ እዚያ እንደ ወትሮዋ ትቆማለች፣ ትስላለች፣ እሱም አንድ ሁለት ከረጢት ለመደበቅ ፋታ ያገኛል። እግሯ አልቆመም። ሦስተኛ። ኧረ ምን ጉድ ነው! አራተኛ። ቁልፉ ዞረ።

ልዋን በረንዳው በር ላይ ቆማ ጎመኑን አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ ጀመረች።

«አንተ የማታፍር ሽማግሌ! አራት ቀን ዞር ብል ቤቱን መቃብር ታደርገዋለህ? እናቴ ለሠርጌ የሰፋችልኝን ብርድ ልብስ ለጎመን? ሰው ባሕር ዳር ቤት ሲያገኝ ይዋኛል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንተ ጎመን ታስተኛለህ! ሦስት ሺህ ቤት አሞቅ ነበር እያልክ ለሰው ሁሉ ስትደነፋ፣ ጎመንና ሰው እንደማትለይ ለምን አትነግራቸውም? ነገ ደግሞ ድንጋዩን ሹራብ ታለብሰዋለህ! ያቺ ምስኪን ቹ ታች ሆና በምን ኃጢአቷ ነው የአንተን ጎመን ጭማቂ...»

ቶንግ አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ ውሃ ቀዳ። ልማዱ ነው። ፉሹን ላይ ስድቧ መሐል ላይ ሲደርስ ሳሉ ይይዛታል፤ እሱ ውሃ ያቀርባል፤ እሷ ስትጠጣ ጠቡ ያልቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠቡን ሁሉ ያሸነፈው በዚህ ነው። ብርጭቆውን ይዞ ጠበቀ። ስድቡ ወደ እናቱ ዞረ፣ ከእናቱ ወደ ወንድሞቹ ተሻገረ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያጠፋው ጥፋት ተነሣ። ሳሉ አልመጣም። በመጨረሻ ቶንግ ውሃውን ራሱ ጠጣው።

ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አለች ልዋን። «ሽታው ነው?»

«ሽታው ነው» አለ። ሽታው አልነበረም። «አራት ፎቅ ወጣሽ እኮ።»

«እና? በርሬ ልምጣልህ?»

«የትም አላረፍሽም።»

 ልዋን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ እሷም ልብ አላለችውም ኖሯል። ፊቷ ሊለሰልስ ሲል ዓይኗ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈና ካቆመችበት ቀጠለች።

ቶንግ ስልኩን አንሥቶ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ፉሹን የማሞቂያ ጣቢያው ላይ የሚያነሣው እሱ ያሠለጠነው ዪን ሊጁን ነው።

«አለቃ! እርስዎን ነበር የምጠብቀው። ቤቱን ላሙቀው አይደል?»

 ቶንግ በአርባ ዓመት ሥራው የማንንም ቤት ዘግቶ አያውቅም፤ የተጣላውን ሰው ቤት እንኳን።

«ዝጋው» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«ዝጋው አልኩህ። ውሃውን አፍስስና መዝጊያውን አጥብቀው። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ ወንበር አለ፤ ለሚያርፍበት ሰው ስጠው።»

ዪን ድምፁን ቀነሰ። «አለቃ፣ ከኋላዎ የሚጮኸው ማነው? ችግር አለ እንዴ?»

«ልዋን ናት። እየሰደበችኝ ነው» አለ ቶንግ፤ ስልኩንም ወደ በረንዳው ዘረጋለት። «ስማት እስቲ! ይኸው እስካሁን አንዴ እንኳን አልሳለችም።»