እታለም «ሁለት» ያለችው ሕመም

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ቆሜ መናገር አልለመድኩም፤ ብደናቀፍ ታገሡኝ። ጌታ ለእህቴ ያደረገውን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ መመለስ አልፈለግሁም። ስሙ ይባረክ!

ታላቅ እህቴን «እታለም» ነበር የምላት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚህ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ አካባቢ የፎቅ ደረጃ ስታጸዳ ወገቧን ታመመች፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አልለቀቃትም። እሷ አማኝ ነበረች፤ እኔ ግን እዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አድርሻት እመለስ ነበር።

የዚህን አገር ቋንቋ፣ ዕብራይስጥ፣ ስለማትችል ሐኪም ቤት የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ሁልጊዜ፣ «ሕመሙ ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው?» ይላል። እታለም ነጠላዋን ታስተካክልና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን በለው። ሁለት» ትላለች። ለባዕድ ሰው ሕመምን መዘርዘር ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። እኔም «ሁለት» እላለሁ፤ ሐኪሙም ይጽፋል። የሚሰጠንም የሁለት ክኒን ነው። ወገኖቼ፣ ማታ ጫማዋን የማወልቅላት እኔ ነኝ! ሁለት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ግን ቶሎ ወጥቼ መሄድ እፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ሌላ ሐኪም ገጠመን፤ ፀጉሯ የሸበተ ሴት። ቁጥር አልጠየቀችም። «ድሮ ታደርጊው የነበረ፣ አሁን ያቃተሽ ምንድን ነው?» አለቻት።

እታለም ነጠላዋን ማስተካከል ጀምራ ተወችው። ከዚያ፣ «መንበርከክ» አለች። «ጌታዬን ተንበርክኬ ካናገርኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ።» አለቀሰች።

መተርጎም አቃተኝ። ሐኪሟ ግን ጠበቀችኝ። እንደ ምንም ተረጎምኩ፤ ያ «ሁለት» ውሸት እንደ ነበረም ጨመርኩ።

«ምን አልካት?» አለችኝ እታለም።

«እውነቱን።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ!» አለችና በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ሐኪሟ፣ «የሕመምሽን ሥር ሁሉ አናውቀውም፤ ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል። ግን አምንሻለሁ» አለቻት። መድኃኒቱን ቀየረችላት፤ የወገብ እንቅስቃሴ ወደሚያስተምር ባለሙያም ላከቻት። ከወራት በኋላ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ባለው ቤታችን እታለም ትራስ መሬት ላይ አደረገችና ተንበረከከች። ሃሌ ሉያ! በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት፤ የምትጠራው የእኔን ስም ነበር። ገብቼ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ጌታን የተቀበልኩት እዚያ ትራስ ላይ ነው። ክብር ለእርሱ ይሁን!

ባለፈው ክረምት ልቧ በድንገት ቆመ። እንድትነሣ ጸለይኩ፤ አልተነሣችም። ይህን ደብቄ አልመሰክርም። ትራሱ ላይ የጉልበቷ ስርጉድ አለ፤ እስካሁን አላራገፍኩትም። ከሥራ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ስልኬን አያለሁ፤ «ደረስክ?» ትለኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሕመማችሁን ለሐኪም አታሳንሱ፤ ለጌታም አታሳንሱ። እስክትናገሩ ድረስ ይጠብቃችኋል፤ ታመኑት። እኔንም ስንወጣ «እንዴት ነህ?» ብትሉኝ፣ ናፍቆቴ አስር ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለቱም እውነት ነው።