ግድግዳ ላይ ያየነው ሸማኔ

የያዙኝ ፊልም እየተረጎምኩ ነው። ሥራዬ እሱ ነበር፤ ሳሪስ አቦ አንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዤ የውጭ ፊልም በአማርኛ አወራለሁ። እንግሊዝኛ አልችልም። ከትምህርት ጋርም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው። ግን ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ እንደኔ የሚተረጉም ካለ ይምጣ። የዚያን ቀን የፊልሙ ንጉሥ ሰገነት ላይ ወጥቶ ሲናገር፣ "ሕዝቤ ሆይ፣ መብራት ጠፋ ብለህ አታማርር፤ ጨለማውን ያመጣነው በእቅድ ነው" አስባልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ብቻ አልሳቁም።

ወሰዱኝ። የገባሁበት ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው የማሽን ዘይት ይሸታል፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ሃያ ምናምን ሰው ነን። ካቦው፣ ማለት እኛው መሀል ሆኖ መኝታ የሚያድለው እስረኛ፣ "ሥራህ ምንድነው?" አለኝ።

"ፊልም ተርጓሚ።"

"ጥሩ። ቴሌቪዥን የለንም፣ አንተ ትሆናለህ።"

ሆንኩላቸው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ፊልም ከአፌ ይወጣል። ቡጢ ስሰነዝርም እኔ፣ ተመትቼ ስወድቅም እኔ።

ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ፊልም ሠሪ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የቀረጹት ፊልም ነው ያሳሰራቸው። ብርዱ ደረታቸውን ይዞት ድምፃቸው ተዘግቷል። እኔ ስገባ ቦታ አልነበረም፤ ግማሽ ፍራሻቸውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና በሹክሹክታ፣ "ፊልሜ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ወስደው አጥፍተውታል። ሌላ ኮፒ የለኝም። ያለው እዚህ ብቻ ነው" ብለው ግንባራቸውን ነኩ። "አንድ ሰው እንኳ ሳያየው እንዳይቀር።"

"ማን ያየዋል ጋሼ?"

"እኔ በጆሮህ ልንገርህ፣ አንተ ተርጉምልኝ።"

ከምሳ በኋላ ሁላችንም ባዶውን ግድግዳ ፊት ለፊት አድርገን ተቀመጥን። ፊልሙ ስለ አንድ ሸማኔ ነው። ከተማው ውስጥ ጦርነት ገብቷል፣ ገበያ የለም፣ ክር የለም። ሸማኔው የራሱን ጋቢ ይተረትርና በዚያው ክር ነጠላ ይሠራል። ለጥለቱ ከሟች ሚስቱ ቀሚስ ቀይ ክር ይመዛል። የሚለብሰው የለም፣ ሰፈሩ በሙሉ ሸሽቷል። እሱ ይሠራል።

እኔ መቼም አላርፍ፣ "በዚህ መሀል ሄሊኮፕተር መጣ" አልኩ።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። "ሄሊኮፕተር የለም።"

"አንዲት ብቻ ጋሼ። ሰዉ ሊተኛብን ነው።"

"የለም አልኩህ።"

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ አስተማሪ ነበር፣ "ይሄ ትልቅ ፊልም ነው" አለ፤ "እጁ እስከሠራ ድረስ ሰውየው አልተሸነፈም።" ከባድ መኪና የሚነዳው ልጅ ብድግ አለ።

"እኔ በጦርነቱ መሀል በዚያ መንገድ ጭነት ይዤ ተመላልሻለሁ። ሰው እያለቀ ጥለት? የጠገበ ሰው ወሬ ነው።"

"አልገባህም" አለው አስተማሪው።

"ወንድሜን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ምኑ ነው ያልገባኝ?"

ጋሼ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በጆሮዬ፣ "ልክ ነው በለው። እኔም ስቀርጸው እንደሱ ብዬ ካሜራዬን ጥያለሁ" አሉኝ። ምንም ሳልጨምር ተረጎምኩት። ሹፌሩ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱን ግን ወደ በሩ አዞረ።

"አሁን የሚመጣው ስምንት ደቂቃ እጁ ብቻ ነው" አሉኝ ጋሼ። "ወሬ የለውም።"

"ምን ልበል ታዲያ?"

"ምንም።"

እኔ ክርስትና ስነሳ ቄሱን ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። "እጁን እዩት" ብዬ አፌን ዘጋሁ። የሚስቅ ጠበቅኩ፣ ማንም አልሳቀም። ሃያ ምናምን ሰው የተላጠ ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቁጭ አለ። ሹፌሩም ቀስ ብሎ ዞረ። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ፣ እውነቴን ነው፣ አየሁት።

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ጸጥታችን አስፈርቶት ነው። "ምን ሆናችሁ?"

ካቦው ዞር እንኳ ሳይል፣ "ፊልም እያየን ነው። በሩን ዝጋው፣ ብርሃን ይገባል" አለው።

ጠባቂው ግድግዳውን አየ። እኛን አየ። እንደገና ግድግዳውን አየና በሩን ቀስ አድርጎ መለሰው።

ስምንቱ ደቂቃ ሳያልቅ ለቆጠራ ተጠራን። "ቀሪውን ነገ" አሉኝ ጋሼ። በማግስቱ ጠዋት ግን ዕቃቸውን ይዘው እንዲወጡ ስማቸው ተጠራ። ፍራሹን በሙሉ ለኔ ተዉልኝ። የት እንደወሰዷቸው እስከዛሬ የነገረኝ የለም።

እኔ ተፈታሁ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቷል፣ አሁን ስልኬ ላይ ተርጉሜ እለቃለሁ፤ የተመልካቼን ብዛት ብነግርህ ጉራ ነው ትላለህ። ስለ እስሩ የሚጠይቀኝ ሰው ምሬት ይጠብቃል። ምሬቱም አለ፣ አልዋሽም። ቀድሞ የሚመጣልኝ ግን ያ ከሰዓት ነው። እንደኔ ላለ ቀባጣሪ ያለችውን አንድ ኮፒ አምኖ የሚሰጥ ማን ነው? ባሉበት ይመቻቸው።

በቀደም ቃሊቲ አስፋልት ዳር አንድ ከባድ መኪና ክላክስ አደረገብኝ። ያ አብሮኝ የታሰረው ሹፌር ነው። ወርዶ አቀፈኝ። "ያን ፊልም አሁንም አልወደውም" አለኝ። ከኋላው የቆሙት መኪኖች ይጮሁበታል፣ እሱ አይሄድም።

"ለመሆኑ ሸማኔው ጨረሰው?"

እኔ ፊልም መጨረስ አያቅተኝም። ሠርግ ብል ሠርግ፣ ተኩስ ብል ተኩስ አፌ ላይ ነበር። ተውኩት።

"ጋሼ ሳይነግሩኝ ሄዱ" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "እንግዲያው እየሠራ ነው" ብሎ መኪናው ላይ ወጣ።