ጨው የሚቀምስ ሰው የጠፋበት ቤት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል ነው። በጋዜጠኝነት ብዙ ዘመን ስለሠራሁ፣ ሰው የሚያስገርም ነገር ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አየ?» ብዬ ነው። ይህኛውን ያየሁት ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም እህቴን ልጠይቅ ወደ አየርላንድ፣ ኮርክ ወደምትባል ከተማ ሄጄ ነበር። ወደምኖርበት ቶሮንቶ ስመለስ ለማኅበረሰባችን የአማርኛ ጋዜጣ፣ ኮርክ የሄደ ሰው የት ቢበላና የት ቢጠጣ እንደሚሻለው ጻፍኩ። መሀል ከተማ ስላለው ጣሪያ የለበሰ የድሮ ገበያ፣ ፎቁ ላይ ስለሚቀርበው የዓሣ ሾርባ፣ ቅቤ በወፍራሙ ስለሚቀባው ቡናማ ዳቦ፣ ሊ በሚባለው ወንዝ ዳር ስላለችው ጠባብ መጠጥ ቤትና አረፋው እስኪረጋ ስለሚጠበቀው ጥቁር ቢራ አወራሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሰዎቿ ግን ለሚበሉት ነገር ክብር አላቸው። ዓሣ ሻጩ ዓሣው ከየትኛው ወደብ እንደመጣ ሳትጠይቀው ይነግርሃል። የቀመስኩትን ቀመስኩ፣ ያየሁትን አየሁ ብዬ ጻፍኩና ረሳሁት።

ከወራት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ጽጌ እባላለሁ። ስለ ኮርክ የጻፉት እርስዎ ነዎት? ጋዜጣውን ከሚያድለው ሱቅ ቁጥርዎን ተቀብዬ ነው ኮል ያደረግኩት።»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ይምጡልኝ። ሰው በረሀብ ሊሞትብኝ ነው።»

ጽጌ ባሏ ስፖንሰር አድርጓት የመጣች፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ሴት ናት። ያን ጊዜ የያዘቻቸው ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ከሚገኙት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ኖራ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ክረምቱን ጉንፋን ይዟቸው ከዳኑ በኋላ ምግብ እምቢ አሉ። ሐኪሙ መርምሮ በሽታ አጣባቸው። ነገር ግን ክብደታቸው ከዚህ በላይ ከቀነሰ ብቻቸውን መኖር ስለማይችሉ ወደ አረጋውያን መኖሪያ መግባታቸው እንደማይቀር ለሴት ልጃቸው ነግሯታል። ኖራ ደግሞ ልጆቻቸውን ካሳደጉበት፣ ባላቸውን በሞት ካጡበት ከዚያ ቤት መውጣት አይፈልጉም።

«ምሳ ሰዓት ላይ ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ» አለችኝ ጽጌ። «አማርኛ አይሰሙም፤ ግን ዝምታው ይከብዳቸዋል። ኮርክ ስል ቀና አሉ። ሊ ወንዝ ስል ‹ምንድን ነው የምታነቢው?› አሉኝ። ስንት ሳምንት ከ‹ኖ› ሌላ ቃል አልወጣቸውም ነበር እኮ። የተወለዱት እዚያ ነው ጋሼ። እኔ አገሩን አላውቀው፣ ምን ልበላቸው?»

በማግስቱ ሄድኩ። ኖራ መስኮቱ አጠገብ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀበሉና ቀጥታ ወደ ጥያቄ ገቡ። እኔ ሰው ስጠይቅ የኖርኩ፣ እንደዚያ ቀን ተጠይቄ አላውቅም።

«ገበያው ውስጥ ጨጓራ የሚሸጥበትን መደብ አየኸው?»

«አየሁት።»

«በላህ?»

«አልበላሁም። ዓርብ ነበር፤ ጾም ነው።»

«ዓርብ ከሆነ ይቅር ብዬሃለሁ። በእኛም ቤት ዓርብ ሥጋ አይበላም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ወሬው መጣ። በወጣትነታቸው ለገበያው ሰው ምሳ በምታቀርብ ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበሩ። የከተማዋ ምግብ ጨጓራ ነው አሉ፤ በሽንኩርትና በወተት፣ በቀስታ እሳት። አብሮት ከደም የተሠራ ቋሊማ ይገባል።

ጽጌ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ተናገረች። «ጨጓራ በወተት? ዱለት ምን በደለ ጋሼ?»

«ምን አለች?» አሉ ኖራ።

«እሞክረዋለሁ አለች» አልኳቸው። በአስተርጓሚነቴ ያጣመምኩት ይህችን ብቻ ነው።

«ደሙን ግን ማርያምን አልነካም!» አለች ጽጌ፤ ይህን በትክክል ተረጎምኩት። ኖራ እጃቸውን አወናጨፉ። «እንግዲያው ግማሽ ምግብ ነው። ቢሆንም እኔ አልበላውም።»

ጨጓራውን እኔ ላመጣ ተስማማን። ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ያ ሁሉ ዓመት በባቡር መስመር ሥራ መንገዱ ተቆፍሮ ሲከፈትና ሲዘጋ ቦታውን ያልለቀቀ አንድ የጃማይካ ሰው ሥጋ ቤት አለ። ለምን እንደምፈልገው ስነግረው «በወተት? በባቄላ ነው እንጂ!» ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። የሰጠኝ ጨጓራ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ነበር። ጽጌ ከላስቲኩ አውጥታ ዘረጋችውና «ይሄ ጨጓራ ነው ፎጣ?» አለች። እንደገናም በሎሚና በጨው አሽታ አጠበችው፤ የሌላ ሰው እጥበት አታምንም።

ድስቱ ተጥዶ ቆየ። ቤቱ የሽንኩርትና የወተት ሽታ ሞላው። ጽጌ ሳህን ይዛ «ይብሉልኝ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ አላለችም። ከድስቱ በማንኪያ ጨልፋ ወደ ኖራ ሄደች።

«ማሚ ኖራ፣ ችግር ገጥሞኛል። እኔም ጋሼም ጾመኞች ነን። ወተትም ሥጋም አንቀምስም። ጨው በቅቶት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

ኖራ ተናደዱ። «ሳይቀመስ ወጥ ይሠራል እንዴ? አምጪው!»

ቀመሱ። ፊታቸው ተኮሳተረ። «ጨው የሚባል ነገር የለውም።»

ጽጌ ጨምራ ተመለሰች። «ቁንዶ በርበሬው የት ሄደ?» አሉ። እሱንም ጨምራ መጣች። «ሽንኩርቱ ገና ነው፤ እሳቱን ቀንሺ።» አራተኛውን ማንኪያ መጠበቅ አልቻሉም፤ መደገፊያቸውን ይዘው ተነሡና ራሳቸው ወጥ ቤት ገቡ። ጽጌ በርጩማ አቀረበችላቸው። ከዚያ በኋላ ያየሁት አንዲት አሮጊት ሳትሆን የወጥ ቤት አለቃ ነበር። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ወተት በጥብጪ፣ ማማሰያውን ወዲያ በይ፣ በዚህ በኩል አማስዪ፤ ትእዛዙ አያልቅም። በየመሀሉም ይቀምሳሉ። ጽጌ «እሺ ማሚ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በመጨረሻ ኖራ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ዙሪያቸውን አዩ።

«ለመሆኑ በዚህ ቤት ሳህን የለም?»

ሳህኑን ባዶ አደረጉት። ጽጌ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዙራ ቆየች፤ ውኃው እየፈሰሰ ነው፣ የምታጥበው ዕቃ ግን አልነበረም።

ስወጣ እስከ አሳንሰሩ ሸኘችኝ። ሥራዬ ስለሆነ ጠየቅኳት። «የፋሲካን ዶሮ ማን ቀምሶልሽ ነው የምትሠሪው?»

ሳቀች። «ማንም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልቀምስ ነው የምሠራው፤ ጨው አሳስቼ አላውቅም።»

«የዛሬው ጨውስ?»

«አላሳነስኩም ጋሼ። ጭራሽ አልጨመርኩም። ‹ብሉ› ሲሏቸው እምቢ ይላሉ። ‹ይርዱኝ› ብላቸውስ ብዬ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ኖራ የጽጌን ድስት ሁሉ ይቀምሱ ጀመር። ሁዳዴ ረጅም መሆኑ ጠቀመን። ክብደታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ሐኪሙም ስለ አረጋውያን መኖሪያው ማንሣቱን ተወ። እስከ አሁን እዚያው ቤታቸው፣ እዚያው መስኮት አጠገብ ናቸው።

ከፋሲካ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጽጌ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ወርዳ ነበር። ኖራ በሩን አየት አደረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አባቴ በሽተኛ ስለነበር ዓርብም ሥጋ እንዲበላ ቄሱ ፈቅደውለት ነበር» አሉኝ። «እናቴ ትጾማለች። ዓርብ ዓርብ የእሱን ምግብ ሳትቀምስ ታበስላለች። ጨው በዝቶባትም አንሶባትም አያውቅም።»

አየኋቸው። «እንግዲያው ያን ቀን ያውቁ ነበር?»

«ያቺ ልጅ የእኔን እናት የምታህል ወጥ ሠሪ ናት። ድስቱን ስታማስል አይቻታለሁ፤ ጨው የረሳ ሰው እጅ አይደለም። ግን ሰው እንዲህ ደክሞ ችግር ሲፈጥርልህ፣ አለመርዳት ብልግና ነው።»

«ለጽጌ ልንገራት?»

«አንተ እንዳትነግራት! ጻፈው። እንደ ኮርኩ ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ስሜ ጋ ስትደርስ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ።»

በሥራዬ ብዙ ትልልቅ ጉዳይ ዘግቤአለሁ። አንዱ ሌላውን ሊረዳ ሲል እንደተቸገረ ሲያስመስል፣ ሌላውም ነገሩ ገብቶት እንዳልገባው ሆኖ ሲረዳ ያየሁት ግን በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱንም ዛሬም እያደነቅኳቸው ነው። ስለ ኮርክም የምጨምረው አንድ ነገር አለ፦ እዚያ የምትሄዱ ሰዎች፣ ቀኑ ዓርብ ካልሆነ ጨጓራውን ብሉ። እኔም በሚቀጥለው ጉዞዬ እበላለሁ።

ጽጌ፣ ይህን እያነበብሽላቸው ከሆነ አሁን ቀና በይ። እያዩሽ ነው።